ዘሩ የማን ነው?

ጤፍ ከምንበላው እህል ሁሉ ታናሹ ነው። ከእጅ ካመለጠ መልሶ የሚለቅመው የለም። ይህ ከዓይን የሚሰወር ፍሬ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ሄግ ድረስ ባለሥልጣናትን ሲያደራድር፣ ጠበቆችን ሲያሟግት፣ ዳኞችን ችሎት ሲያስቀምጥ ኖሯል። ያሟገተው ጣዕሙ ወይም ዋጋው አልነበረም፤ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንጂ። እኔም ዛሬ በዚህ ዓምድ የማነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው። የሕግ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሕግ አዋቂዎች በተውኩት ነበር። ነገር ግን ከሕጉ የሚቀድም የሐቅ ጥያቄ ነው፤ የሐቅ ጥያቄ ደግሞ የሁላችንም ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትንና ከዱቄቱ የሚሠሩ ምግቦችን በሚመለከት የፈጠራ ባለመብትነት፣ ማለትም ፓተንት፣ ይሰጠኝ ሲል አመለከተ። በ2005 ይኸው ኩባንያ ከአገራችን የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከግብርና ምርምር ድርጅቱ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ተፈራረመ። ውሉ በጊዜው ለሌሎች አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ተወድሶ ነበር። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት መብቱን ሰጠ። በ2009 ኩባንያው ከሰርኩ አለ። ፓተንቱ ግን አብሮ አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻግሮ ስለነበር ኢትዮጵያ የፈረመችው ውል የማይደርስበት ሆነ። ከዚያ ሁሉ ድርድርና ፊርማ በአገራችን እጅ የገባው ጥቂት ሺህ ዩሮ ብቻ ነው።

በመጨረሻ በ2018 ማብቂያ ላይ የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ እንደ ፈጠራ የሚቆጠር አዲስ ሥራ የለበትም ሲል ፓተንቱን በዚያ አገር ውድቅ አደረገው። ፍርዱ ሲሰማ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። በችሎቱ ፊት የቆሙት ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ። የሸዋም ሆነ የጎጃም ገበሬ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም። እህሉን ለሺህ ዓመታት ጠብቆ ያቆየው ሰው በራሱ እህል ጉዳይ ምስክር ሆኖ እንኳ አልተጠራም።

አንድ ወዳጄ ያነሣው ሙግት

ስለዚህ ጉዳይ በመርካቶ ከሚነግድ አንድ ወዳጄ ጋር ስንነጋገር ያልጠበቅሁትን ሙግት አነሣብኝ። «ለመሆኑ» አለኝ፣ «ጤፉን ያበቀለው ማን ነው? አላህ ነው። አላህ ያበቀለውን እኛ የኛ ነው ካልን ሆላንዳዊው የኔ ነው ማለቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ቡናውን የመን ከኛ ወሰደ። ከየመን ሆላንድ ወሰደ። ዛሬ ብራዚል ለዓለም ይሸጠዋል። በዚህ ማን ከማን ተጣላ?»

ይህ ሙግት በቁጣ የሚታለፍ አይደለም። ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽ ሣርና በእሳት ተጋሪዎች ናቸው የሚለው ትምህርት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈ መሆኑን ማንኛችንም የመድረሳ ልጅ ሳለን የሰማነው ነው። ቡናም ቢሆን ጥሩ ምሳሌ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን የወጣው ቡና በ15ኛው መቶ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት የሚጠጡት መጠጥ ሆኖ ነበር። በ1511 የመካ ገዥ መጠጡን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ግን አልሰነበተም። ከዚያ ወዲያ ካይሮ፣ ኢስታንቡልና አውሮፓ ጠጡት፤ ሆላንዶችም ጃቫ ደሴት ወስደው ተከሉት። በሌላው ዓለም አንድ ሲኒ ቡና በተጠጣ ቁጥር ከከፋ ጫካ አንዲት ቅርንጫፍ አልጎደለችም። የዘር ጠባይ እንዲህ ነው፤ ሲሰጡት አይቀንስም። ስለዚህ ወዳጄ በሙግቱ እኩሌታ ትክክል ነው፤ ዘርን ለሌላው ማካፈል ኪሳራ አይደለም።

የሙግቱ ሌላው እኩሌታ ግን መመርመር አለበት። እኛን ያስቆጣን መካፈሉ ነበርን? እኔ እንደሚመስለኝ አይደለም። ያስቆጣን ክፍት የነበረው በር ከገቡበት በኋላ መቆለፉ ነው። ከጋራው ማዕድ ቀርቦ መብላት አንድ ነገር ነው፤ በልቶ ሲያበቃ ማዕዱን የግሌ ነው ብሎ ማንሣት ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ላይ በሐዲስ መጻሕፍት የተመዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አብየድ ኢብኑ ሐማል የተባለ የየመን ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ በማእሪብ የሚገኘውን የጨው ቦታ እንዲሰጡት ለመናቸው፤ ሰጡትም። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ በቦታው ከነበሩት አንዱ፣ ለሰውየው የሰጡት እንደማይነጥፍ ውሃ ያለ ነገር መሆኑን አስረዳቸው። ደርሶ የሚዝቅ ሁሉ ያለ ልፋት የሚያገኘው ጨው ነበር ማለት ነው። እርሳቸውም ይህን ሲሰሙ ስጦታውን መለሱት። የፊቅህ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው፣ ሁሉም የሚፈልገውና ያለ ልፋት የሚገኝ ሀብት ለአንድ ሰው ብቻ ተለይቶ ሊሰጥ አይገባም የሚል መርህ አውጥተዋል።

ይህን ታሪክ ከሄጉ ፍርድ አጠገብ ሳስቀምጠው የምረዳው፣ የተሰጠ መብት ከጋራ ሀብት የተቆረሰ መሆኑ ሲታወቅ መመለሱ ነውር አለመሆኑን ነው። ከአሥራ አራት መቶ ዘመናት በፊት የተደረገ ነው። ሆላንዳዊው «የኔ ነው» ማለቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ ላለኝ ወዳጄ መልሱ እዚህ ላይ አለ።

ዘር ጨው አይደለም

ሆኖም ነገሩን እዚህ ላይ ብናቆመው ሌላ በደል እንፈጽማለን። ዘር የጋራ ሀብት ነው ብለን ባለቤት የሌለው ሀብት እናደርገዋለን። የማእሪብ ጨው ማንም ሳይነካው በቦታው ጨው ሆኖ ይቆያል። ዘር እንደዚያ አይደለም። ሦስት ዓራት ዓመት የሚዘራው ካጣ ብዙው ዘር ይሞታል። ዛሬ የምንዘራው እህል ሁሉ በአንድ ወቅት ፍሬውን በነፋስ የሚያረግፍ የዱር ሣር ነበር። የማይረግፈውን እየመረጠ፣ ድርቅ የቻለውን ለይቶ እያስቀረ፣ ዋግ የመታውን እየጣለ እህል ያደረገው ሰው ነው። የሚያበቅለው አላህ ነው። ከአውድማው ላይ የትኛው ዛላ ለከርሞ ዘር ይቀመጥ ብሎ የሚወስነው ግን የሰው ዓይን ነው፤ ብዙ ጊዜም የእናቶች ዓይን ነው።

ወሎን እንደ ምሳሌ ላንሣ። የወሎ ገበሬ ማሽላውን በስም ይለያል። አንዱን «ወተት በጉንጬ» ይለዋል። ሌላውን «ስንዴ ለምኔ» ይለዋል። ከተሜ ይህን ሲሰማ ገበሬ ለቀልድ ያወጣው ስም ይመስለዋል። በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት ግንባታ በሚያስፈልግ ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን ገለጹ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ማሽላዎች ነበሩ። የወሎ ገበሬ ላይሲን የሚለውን ቃል አያውቅም። ነገር ግን ይህ ማሽላ በእሸትነቱ ተጠብሶ ሲበላ ከወተት የሚስተካከል መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ላቦራቶሪው ሳይደርስበት በፊት በስሙ ላይ ጽፎት ቆይቷል።

እንዶድም እንዲሁ ነው። በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዙ ውሃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። ከዚህ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ የሚገባቸውም ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን በእንዶድ ለማጥፋት የሚያስችል ዘዴ ላይ ፓተንት አገኘ። የእነዚያ የአድዋ ሴቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። እንዶድን ከሌላው ቁጥቋጦ ለይቶ፣ ፍሬውን አድርቆና ወቅጦ ለልብስ ማጠቢያ ያዋለው እውቀት ግን የእነርሱና የእናቶቻቸው ነበር።

ገብሳችንም ሌላ ታሪክ አለው። የገብስን ቅጠል አቢጫጭቶ ተክሉን የሚያቀጭጭ አንድ የቫይረስ በሽታ አለ። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ይህን በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው፤ የዚያ አገር ገብስ ከበሽታው የዳነበት አንዱ መንገድ ይህ ነበር። ያን ገብስ ለልጅ ልጅ ያቆየው የደጋ ገበሬ ካሊፎርኒያ የምትባል አገር መኖሯን ሳይሰማ ሞቷል።

እንግዲህ ዘር የአንድ ሰው የግል ንብረት አይደለም፤ ባለቤት የሌለው የሜዳ ዕቃም አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ወቅፍ

እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ፈትዋ የዑለሞቻችን ነው። ነገሩን ለመረዳት ያህል ግን ከምናውቃቸው መንገዶች ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበው የወቅፍ ሥርዓት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር መልካም መሬት ባገኙ ጊዜ ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። የተሰጣቸው ምክር መሠረቱን ይዘው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት ነበር። በዚህ መሠረት መሬቱ የማይሸጥ፣ በስጦታ የማይተላለፍ፣ የማይወረስ ሆነ። ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛ፣ ለእንግዳ ሆነ። አንድ ተጨማሪ ነገርም ተደነገገ፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው እርሱን ነው። መሬቱን የሚጠብቀውና የሚንከባከበው ሰው ሀብት ለማካበት ሳይሆን በአግባቡ ከፍሬው ቢበላ፣ ወዳጁንም ቢያበላ ነውር የለበትም ተባለ።

ይህን ሥርዓት በዘር ላይ አስቀምጠን እንየው። መሠረቱ፣ ማለትም ዘሩ፣ በማንም ሊሸጥና ሊቆለፍ አይችልም። ኩባንያም ሆነ መንግሥት የብቻዬ ነው ሊለው አይገባም። ፍሬው ለሁሉ ክፍት ነው፤ የመኑም ብራዚሉም ሆላንዱም ከፍሬው መብላት ይችላል። ይህ ለወዳጄ ሙግት መልስ ነው። ነገር ግን ወቅፍ ያለ ናዚር፣ ያለ ጠባቂ አይቆምም። የዘሩ ናዚር ገበሬው ነው። ናዚሩ ደግሞ ከፍሬው የመብላት ሐቅ አለው። ያለ ናዚሩ ድርሻ ወቅፉ ፈራሽ ነው፤ ጠባቂው ተርቦ የቆመ ወቅፍ የለምና። በጤፉ ጉዳይ የተፈጸመው በደል በዚህ መንገድ ሲታይ ጎልቶ ይወጣል። መሠረቱን ለመቆለፍ ተሞከረ፤ ጠባቂውም ከፍሬው አልደረሰውም። ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ውል ውስጥ ተገናኙ።

የአማና ዋጋ

ጠባቂነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማወቅ የሚሻ ሰው የሌኒንግራድን ታሪክ ይመልከት። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት በ1927 አገራችንን በበቅሎ ተዘዋውሮ ስንዴና ገብስ ሰብስቦ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከዓለም ታላላቅ የእህል መፍለቂያዎች አንዷ መሆኗን ለዓለም ካሳወቁት ሰዎች ቀዳሚው ነው። ኋላ በስታሊን ዘመን ታስሮ በ1943 በእስር ቤት ሞተ። እርሱ በታሰረበት ጊዜ የናዚ ጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበባት፤ ከተማይቱም በረሃብ አለቀች። ቫቪሎቭ ያቋቋመው ተቋም መጋዘኖች ግን በሩዝ፣ በስንዴ፣ በአተርና በድንች ዘር የተሞሉ ነበሩ። ጠባቂዎቹ ሳይንቲስቶች ዘሩን አልበሉትም። በርካቶቹ በእህል ከረጢቶች መካከል በረሃብ ሞቱ፤ ከሟቾቹ አንዱ የሩዙ ክፍል ኃላፊ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም። አማና ማለት ምን እንደሆነ ግን በሕይወታቸው አሳይተዋል።

ይህ ታሪክ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የኛ ገበሬ የዘር እህሉን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅሎ፣ በቅልና በእንስራ ከድኖ፣ ልጆቹ ሲራቡ እያየ አላነካም የሚል ሰው ነው። ስሙ በመጽሐፍ ስላልተጻፈ እንጂ ከሌኒንግራዶቹ የሚያንስ አይደለም። በ1984ቱ ረሃብ ጊዜ ግን ይህ ጽናት ከአቅም በላይ የሆነበት ቦታ ብዙ ነበር፤ ዘሩ ተበላ። የዘር እህል ተበላ ማለት የመጪው ዓመት ማሳ ብቻ አይደለም የጠፋው፤ የአያት ቅድመ አያት ምርጫ አብሮ ጠፋ።

ደግነቱ በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቁሞ ነበር። ባንኩን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደም በዚያው በ1989 ዶ/ር አክሊሉ የተሸለሙትን ሽልማት አግኝተዋል። ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ባንኩ ውስጥ ያስቀመጡት ሳይሆን ከባንኩ አውጥተው የመለሱት ነው። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ መጠበቅ የለበትም፤ በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መኖር አለበት ብለው አስተማሩ። እንደ እጄሬ ባሉ ቦታዎች ገበሬዎች የራሳቸው የዘር ባንክ እንዲኖራቸው የተደረገው በዚህ መንገድ ነው። አስተሳሰቡ ትክክል ነው። ቅዝቃዜ ዘሩን ከመሞት ያድነዋል፤ አዲስ ድርቅን፣ አዲስ በሽታን መቋቋም ግን አያስተምረውም። ይህን የሚማረው በማሳ ላይ ነው።

ቡናችን ለዚህ ምስክር ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ቡናውን ሲያጠፋ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከራሳችን ጫካና ጓሮ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ባልደፈራቸው እናት ዛፎች ላይ ተመሥርተው ተከላካይ ዓይነቶችን መረጡ። ዛሬ ገበሬው 74110 እያለ የሚጠራው ቡና ቁጥሩን ያገኘው በ1974 ስለተመረጠ ነው። እነዚያ ዛፎች ያን ጊዜ ተመንጥረው ቢሆን ኖሮ ምን ይዘን እንተርፍ ነበር?

ገበሬው ሙዚየም አይደለም

እዚህ ላይ ከመጀመሪያው የጠነከረ ሌላ ሙግት ይነሣል። ወዳጄ ባያነሣው ራሴ አነሣዋለሁ። አዲሱ ምርጥ ዘር የበለጠ ምርት የሚሰጥ ከሆነ ገበሬውን አሮጌውን ዘር ያዝ የምንለው በምን ሥልጣን ነው? የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል ማን ሊፈርድበት ይችላል? ልጆቹን የሚያበላው ጫቱ ከሆነ፣ ስለ ጥንታዊው የሐረር ቡና የምናዝነው እኛ ከተሜዎች ሐዘናችን ምን ይጠቅመዋል? እርሱን ለድህነት ተረኛ አድርገን እኛ «ቅርሳችን ተጠበቀ» እያልን ብንደሰት ግፍ ነው።

ይህን ሙግት ሳስብ የማስታውሰው የዑመርን (ረ.ዐ) ሌላ ታሪክ ነው። ዑመር በኸሊፋነታቸው ጊዜ ለሕዝቡ ጥቅም የተከለለ የግጦሽ ሜዳ፣ ሒማ የሚባለውን፣ እንዲጠብቅ ሁነይ የተባለ ሰው ሾመው ነበር። መመሪያ ሲሰጡትም ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለው ድሃ ወደ ክልሉ እንዲገባ እንዲፈቅድለት አዘዙት። የዑስማን ኢብኑ ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ከብቶች ግን እንዳያስገባ አስጠነቀቁት። እነርሱ ከብታቸው ቢያልቅ የተምር ዛፍና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው በር ይመጣል። ክልል የሚከለለው ድሃን ለማስወጣት ሳይሆን ድሃ የሚኖርበትን ለማቆየት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

በአገራችንም ይህን የሚመስል ሥርዓት አለ። በመንዝ የሚገኘውን ጓሳ የተባለ ደጋማ ሜዳ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያም ተከፍቶ ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። በዚህ ምክንያት ሣሩም ተረፈ፤ ከሣሩ ጋር ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ተረፉ። ሕዝቡ ሜዳውን የጠበቀው ለቀበሮው ብሎ አልነበረም። የሚጠቀምበት ስለነበር ጠበቀው፤ ስለጠበቀውም የአላህ ፍጥረት አብሮት ኖረ። ጥቅምና ጥበቃ ጠላቶች አይደሉም። ከጥቅሙ የተባረረ ጠባቂ ግን ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ሙግት መልሴ ይህ ነው። ገበሬው አሮጌውን ዘር በነፃ እንዲጠብቅልን መጠየቅ አንችልም። ጥበቃውን ከፈለግን ወጪው የእኛም ነው። አዲሱን ዘር ቢዘራ ሐቁ ነው፤ አሮጌውም ማሳው ዳር ላይ እንዲኖር ከፈለግን አሮጌው የሚያበላው ዘር መሆን አለበት።

የበላተኛው ድርሻ

ሕግ አለን። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤት ራሱ ማኅበረሰቡ መሆኑን ደንግጓል። ይህ አቋም በዓለም መድረክ እንዲሰማ ለብዙ ዓመታት የደከሙት ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ2023 አልፈዋል። በ2024 ደግሞ የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች በጄኔቫ አዲስ ስምምነት ተቀብለዋል፤ ከአንድ አገር ዘር ወይም ከነባር እውቀት ተነሥቶ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ከየት እንዳገኘው እንዲገልጽ የሚያስገድድ ነው። እነዚህ መልካም ናቸው። ሆኖም ሕግ ሌባን ይከለክል ይሆናል፤ ጠባቂውን ግን አያበላም።

ጠባቂውን የሚያበላው ገበያ ነው፤ ገበያው ደግሞ እኛ ነን። የከተማ ሰው ከነጭ ማኛ ጤፍ በቀር አልበላም ካለ፣ ቀይ ጤፍና ሠርገኛ ከማሳው የሚወጡት በሆላንድ ኩባንያ ሴራ አይደለም፤ በኛ ምርጫ ነው። ወተት በጉንጬን ከገበያ ፈልጎ የሚገዛ ካጣ፣ የወሎ እናት ለከርሞ ዘር ታስቀምጠው ዘንድ ምን ምክንያት ይኖራታል? በረመዳን ሾርባ የምንሠራበት ገብስና አጃ፣ ለአራስ የምንሠራው ገንፎ፣ ለመንገድ የምንይዘው በሶ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የዘር ዓይነት ነበራቸው። ዛሬ ሱቅ ገብተን «ገብስ ስጠኝ» ከማለት በቀር የትኛው ገብስ ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ስሙን የማንጠይቀው እህል ስሙ ይጠፋል፤ ስሙ ሲጠፋ ዘሩም ይከተላል።

እኔ ከአንባብያን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ወደ ትውልድ አገራችን ስንሄድ ለዘመድ ስኳርና ልብስ እንይዛለን። ስንመለስ ከዚያ አገር እህል በተገቢው ዋጋ ገዝተን እንምጣ፤ ስሙንም ጠይቀን ለልጆቻችን እንንገር። ለገጠር ወገን ሶደቃ የምናደርግ ሰዎች ከገንዘቡ ከፊሉ በድርቅ ዓመት የዚያኑ ወረዳ ዘር ገዝቶ ለዘር ላጣ ገበሬ የሚሰጥ ቢሆን፣ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለብዙ ትውልድ የሚያበላ ሶደቃ ይሆናል። ተክል ተክሎ ወይም እህል ዘርቶ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ለተካዩ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ተምረናል። እስከ ዛሬ ይህን ምንዳ ገበሬው ብቻውን ሲሰበስብ ኖሯል። እኛም እንድንካፈል በሩ ክፍት ነው።

የጤፉ ክርክር በሄግ ተዘግቷል። ዘሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በየወፍጮ ቤቱና በየእህል በረንዳው በየቀኑ መልስ ይሰጥበታል። መልሱን የምንሰጠው እኛ በላተኞቹ ነን፤ የምንሰጠውም በምንከፍለው ዋጋ ነው። ወላሁ አዕለም።